ሽማግሌ ያበላሸው ፍቺ

«በወረቀት ብቻ ነው እኮ እማማ፤ እኛ መች ተጣላን!» አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ በቀደም ለት፣ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች። እሷም በስሟ ባሏም በስሙ ለኮንዶሚኒየም ሊመዘገቡ፣ ዕጣው ሁለት ጊዜ ሊወጣላቸው ብለው ተፋትተዋል። ማታ ግን ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ አንድ ብርድ ልብስ ይሻማሉ። የምልጠውን ሽንኩርት አስቀመጥኩና «ሽማግሌ ገብቶበታል?» አልኳት። «የምን ሽማግሌ እማማ? ፍርድ ቤት ሄደን ነው እንጂ!» አለችኝ። «እንግዲያስ ዕድለኛ ነሽ፤ በይ ተነሺ፣ ወደ ቤትሽ!» ብዬ አባረርኳት። ይኸው እስካሁን አኩርፋኛለች። ታኩርፍ! «በወረቀት ብቻ» የሚሉትን ነገር ስሰማ በዚህ ዕድሜዬ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ ብዙም አልቀረም፤ የቀረውም ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ልጆቹ አዲስ አበባ ወስደውታል።

ያኔ ደብረ ብርሃን አስፋልቷ አንድ ነበር። በጫጫ በኩል ይመጣል፣ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላል፣ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ በቃ። የአንኮበሩ መንገድ በሚገነጠልበት ጥግ ላይ የሙሴ ያኒ ዳቦ ቤት ነበር። ያኒ ባሌ ነው። በዚያ ዘመን ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው፤ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣሊያኑም። ያኒ ግሪክ ይባል እንጂ ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ ግሪክ አገርን የሚያውቃት አባቱ ግድግዳ ላይ ከሰቀሏት የባሕር ሥዕል ነው። በአማርኛ ይሳደባል፣ በአማርኛ ይቃዣል፣ በጾም ቀን ቅቤ የነካ ማንኪያ ካየ ከእኔ ብሶ ይቆጣል። ትንሹ ዳቦ አምስት ሳንቲም፣ ትልቁ ዐሥር ሳንቲም ነበር። ወደ ደሴ የሚወጡት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች ገና ሲነጋጋ ደጃችን ይደረደራሉ፤ ጣርማ በርን በባዶ ሆዱ የሚወጣ ሾፌር ሞኝ ነው ይባል ነበር። ረዳቶቹ ትኩሱን ዳቦ ካፖርታቸው ውስጥ ወትፈው መጀመሪያ ይሞቁታል፣ ኋላ ይበሉታል። እኔ የናይለን ሻርፔን አስሬ፣ ታኮ ጫማዬን አድርጌ ከባንኮኒው ኋላ እቆማለሁ። በዚያ ጭቃ፣ ታኮ ጫማ! ፊት ለፊት በአክብሮት «የሙሴ ባለቤት» ይሉኛል፣ ዘወር ስል በሽሙጥ። ሬዲዮው ዘፈኑን አቋርጦ ወሬ ሲጀምር ያኒ ሊጡን እየመታ ዘፈኑን ከቆመበት ይቀጥለዋል፤ ያውም እያበላሸ።

ሌላ ቤትም ነበረን፤ አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ። የነገሩ ሁሉ ጦስ እሱ ስለሆነ እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። ያኒ ለጋብቻ ሲጠይቀኝ አባቴ ጎረቤላ ነበሩ፤ ልጅን ለባዕድ መስጠት ደግሞ እንደዛሬው እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ባላምባራስ ተክሌ ናቸው። ባላምባራስ የገቡበት ጉዳይ ሳይፈጸም ቀርቶ አያውቅም፤ ደም የተቃባውን ሁሉ ያስታረቁ፣ ከመንዝ እስከ ቡልጋ ስማቸው የሚጠራ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴን ሲለምኑ ውለው ሲለምኑ አደሩ። በመጨረሻ አባቴ «ሰውየው አገሬ ልግባ ያለ ቀን ልጄን ይዟት ይሄዳል፤ እናቷ ማን አላት? ለእናቷ በግቢዬ ውስጥ ቤት ይሥራላት» አሉ። ያኒም ሠራ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ። ጎረቤላ ላይ የጣውላ ወለል! ሰው ጫማውን አውልቆ ሊያየው ይመጣ ነበር። አባቴ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ፤ እናቴ በዚያ ቤት ብቻዋን ቀረች። ከመስኮቷ ሲያዩ ቁልቁል አልዩ አምባና ቆላው ይታያል፤ ጉም የሌለ ቀን ማለቴ ነው፤ ጉም የሌለበት ቀን ደግሞ አንኮበር ላይ ብርቅ ነው። ያኒ አንዳንዴ «እማማን እዚህ ብናመጣትስ?» ይላል። እኔ «ከአባቴ ደጅ የሚነቅላት ሞት ብቻ ነው!» እላለሁ። ዘመዱም ጎረቤቱም እንዲሁ ነው የሚለው።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ዓመተ ምሕረቱን ተዉኝ፤ እኔ የማስታውሰው የዳቦውን ነገር ነው። መጀመሪያ ከውጭ በቆርቆሮ የሚመጣው እርሾ ጠፋ። «የውጭ ምንዛሪ የለም» አሉን። ምንዛሪ የሚባለውን ቃል ያኔ ነው የተማርነው፤ ኋላ ኋላ ጠላ ሻጯ እንኳ ጌሾ ሲጠፋባት «ምንዛሪ የለማ!» ትል ጀመር። ቀጥሎ የሊጥ ማቡኪያው ቺንጋ ተበጠሰ፤ ለአንዲት ቺንጋ ያኒ አዲስ አበባ ተመላለሰ፣ የሚመልሱለት ያንኑ ነው። ናፍጣ በኩፖን፣ ዱቄት በኮታ ሆነ። የብሩ ኖት ተለወጠና ትራሱ ውስጥ የደበቀ ሁሉ ትራሱን ታቅፎ ባንክ ደጅ ተሰለፈ። የዳቦው ዋጋ እንዳይነካ ስለታዘዘ ዳቦው ራሱ እየቀጠነ ሄደ፤ ሾፌሮቹ «ሙሴ፣ ይሄ ዳቦ ነው ብስኩት?» እያሉ ያሾፉበታል። ያኒ በዳቦ ሲቀለድ አይወድም፤ ፊቱ ደም ይመስላል።

አገር ገንዘብ ሲያጣ ሁሉም ይቸገራል፤ ሀበሻው ግን ቢያንስ ዘመድ ቤት ይጠጋል። ንብረት ያለው የውጭ ዜጋ ነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ሆነበት። ቤቴን ልሽጥ ቢል መሸጥ ክልክል ነው። የሚያከራየው ትርፍ ቤት ተወርሷል። ገንዘቤን ይዤ ልውጣ ቢል፣ አገሪቱ ለመድኃኒት ያጣችውን ዶላር ለእሱ ከየት ታምጣለት? እሺ ልቀመጥ ሲል የመኖሪያ ፈቃድህን አሳድስ ይባላል። ለማሳደስ ሥራ ይኑርህ፤ ሥራ እንዲኖርህ ዱቄት ይኑርህ፤ ዱቄቱ በኮታ ነው፤ ለኮታው ደግሞ የታደሰ ፈቃድ አምጣ! አርመኑ ቆዳ ነጋዴ ባለ መስታወት ቁም ሣጥኑን ለእኔ ትቶልኝ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ሄደ። ባለሱቁ ዓረብ ሱቁን አስረክቦ ሚዛኑን ብቻ በብብቱ ይዞ ወጣ። ሰው ታዲያ ምን ይላል? «ፈረንጅ ምን ይቸግረዋል!» ይላል። ያኒ ከምድጃው ሥር ወርቅ ቀብሯል ተብሎ ተወራብን። ወርቅ! የጫማውን ሶል በመኪና ጎማ የሚያስጠግን ሰውዬ! አቴና ያለው ወንድሙ በስልክ «ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል። ያኒ «መጥቼ የማንን ዳቦ ልጋግር?» ብሎ ይዘጋዋል።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራን። ትናንት ጧት ጧት ከእኛ ዳቦ ሲገዛ የኖረ አስተማሪ፣ ካኪ ለብሶ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። «ጓድ ያኒ» አለ፤ ሙሴነቱ ቀርቶ ጓድ ሆኗል። «አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቤት ነው። ወይ የደብረ ብርሃኑን ወይ የጎረቤላውን ምረጥ፤ ሌላውን ለሕዝብ ታስረክባለህ።» ሁለቱም በያኒ ስም ናቸው። የደብረ ብርሃኑን ብንሰጥ ምድጃው ከግቢው ጋር ይሄዳል፤ እንጀራችን ደግሞ እሱ ነው። የጎረቤላውን ብንሰጥ እናቴ ከአባቴ ደጅ ትወጣለች። ከድጡ ወደ ማጡ!

ዘዴውን ያመጣችው አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። «ምን ያስጨንቃችኋል? ተፋቱ!» አለችን። እዚያ ሁለት ቤት የነበረው ባልና ሚስት ሁሉ ተፋቶ አልቋል አሉ፤ ባል አንዱን ቤት ሚስት አንዱን ይዘው በጓሮ በር ይገናኛሉ። በወረቀት ብቻ! ሊቀመንበሩን ብንጠይቀው «ከተፋታችሁማ ሁለት ቤተሰብ ናችሁ። ግን ነገሩ በሽማግሌ ይታይና ሽማግሌዎቹ እዚህ ቀርበው ‹አልሆነም› ይበሉኝ» አለን። ደስ አለኝ። ጠላ ቤት ከማይጠፉት ሁለቱን ጠርቶ «አልተስማማንም» ማለት ነው፣ አለቀ። ይህን ለያኒ ብነግረው ዐይኑን አፈጠጠብኝ። «ያጋቡን ባላምባራስ ተክሌ እያሉ? ነውር ነው ጥሩዬ!» ከድሬዳዋ መጥቶ የሸዋን ነውር እኔን ጥሩወርቅን ሊያስተምረኝ! የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። ያጋባህ ሽማግሌ በሕይወት እያለ ሌላ ሽማግሌ ፊት መቆም እሱን ገድሎ እንደመቅበር ነው። እንዳንነግራቸው ባላምባራስ ለሐሰት ፍቺ የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ምንም ሳንነግራቸው ጠራናቸው። ያኒ ዘመድ የለውምና በእሱ ወገን ወዳጁ ሐጂ ይማም መጡ፤ ከአልዩ አምባ በርበሬ እያመጡ ደብረ ብርሃን የሚሸጡ፣ እሱ ዘንድ ሻይ ሳይጠጡ የማያልፉ ነጋዴ ነበሩ።

ቅዳሜ ጧት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ፀሐይ ባረፈበት በኩል ተቀመጡ። ባላምባራስ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «ምን ጎደለ ልጄ?» አሉት ያኒን። ያጠናነውን ተናገረ፤ «ጠባይዋ አልተስማማኝም።»

«የትኛው ጠባይዋ?»

ይሄን አላጠናንም! ያኒ ወደ እኔ አየ። እኔ በዐይኔ «በል እንጂ፣ አንድ ነገር በል!» አልኩት። እጁን በሽርጡ ጠረገና «እ... ወግ ስጀምር መጨረሻውን እሷ ትናገረዋለች» አለ።

«እንዴት ማለት?»

«ሰው ፊት ቀልድ እጀምራለሁ። ሰው ሊስቅ ሲል እሷ ቀድማ ትጨርሰዋለች። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀልድ በአፌ አልቆ አያውቅም።» ድምፁ ተለወጠ። ለካ ሰውዬው ከልቡ ነው! ሐጂ ይማምም ራሳቸውን ነቅንቀው «ወላሂ እውነቱን ነው፤ እኔም አይቻለሁ» አሉ።

እኔስ ዝም ልል ነው? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «ድንቄም!» አልኩ። «ይሄ ሰውዬ መች እኔን አገባ? ያገባው ምድጃውን ነው! ሲነሳ የሚሮጠው ወደ እሱ፣ ሲታመም የሚጠይቀው ‹እሳቱ ጠፋ ወይ› እያለ! እናቴን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያያት ነው፤ ቤት ሠራሁላት ብሎ ረሳት!» እንዲህ አልኩና አለቀስኩ። አስቤ የመጣሁት የውሸት ለቅሶ ነበር፤ የመጣው ግን የእውነቱ ነው። ያኒ አንገቱን ደፋ። ባላምባራስ ፊታቸው ፀሐይ ሆነ። «እሰይ! አሁን ነገሩ ወጣ» አሉ፤ «መግል ካልፈረጠ ቁስል አይድንም።»

ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግቢያችን ናቸው። እኔ «አልታረቅም፣ ፍቱኝ» እላለሁ፤ እሳቸው «እሺ ልጄ፣ ንዴትሽ ይውጣ» ይላሉ። ያኒ ቀስ በቀስ የመጣንበትን ነገር ረሳው፤ ሽማግሌዎቹን ሲያይ እንደ ንስሐ ልጅ መሆን ጀመረ። በመጨረሻው ቀን ባላምባራስ በዚያ ዕድሜያቸው ከመቀመጫቸው ተነሱና ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ሐጂ ይማምም ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ እየለመነ ተቀምጦ «እምቢ» የሚል አገሬው ላይ አልተፈጠረም፤ ቢፈጠርም ዘር አይወጣለትም ይባላል። ተነሳሁ። ያኒ ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲመጣ ጎንበስ ብዬ በጆሮው «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ! ቤቱን አስብ!» አልኩት። «ይቅር በዪኝ ጥሩዬ» አለኝ፣ እንባው በጢሙ እየወረደ። ምን አደርጋለሁ? ትከሻውን ሳምኩት። ለዕርቁ በግ ይታረድ ተባለ፤ ሐጂ ይማም የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ ሌላ በግ ለብቻ በቢስሚላህ ታረደላቸው። ልንፋታ ብለን ሁለት በግ አረድን! ያውም በዚያ ኑሮ!

ባላምባራስ አፋቸውን ከሥጋው ሳይጠርጉ በቀጥታ ቀበሌ ሄዱ። «ልጆቼን አስታርቄያቸዋለሁ፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው ብለህ ጻፍ!» አሉት ሊቀመንበሩን፣ ከዘራቸውን እየመቱ። ጻፈ። እኔ በሣልስቱ ጫጫ ስንዴ ፍለጋ ሄጄ ስመለስ ያኒ ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብሏል።

«ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ ነበር፤ ምረጥ አለኝ» አለ።

«እና?»

«የጎረቤላውን አልኩት።»

ስንዴው ከእጄ ወደቀ። «አብደሃል? ምድጃውንስ?»

«ያገባኸው እሱን ነው አላልሽኝም?» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «ፈታሁት። እማማ ከአባትሽ ደጅ አትወጣም።»

ወይ ጉድ! በንዴት ያልኩትን! ለፍቺ ብዬ፣ ለሽማግሌ ብዬ የተናገርኩትን! ሚስቱ ስትቆጣ ያለችውን ሁሉ እውነት ብሎ የሚይዝ ባል በሸዋ ምድር ማን አይቶ ያውቃል? ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ ሽርጡን አውልቆ አጥፎ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው አየሁና ጎንበስ ብዬ ስንዴውን መልቀም ጀመርኩ። በጣም ነው የወደድኩት፤ በጣምም ነው የጠላሁት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ሲያስረክብ ሊቀመንበሩ «ምድጃው እንዴት ነው የሚለኮሰው?» ብሎ ጠየቀው። ያኒ ቆሞ አስረዳው፤ በታላቅ ትዕግሥት፣ ከየት በኩል ነፋስ እንደሚገባ፣ የጥድ እንጨት እንዳይማግዱበት፣ ሁሉን ነገር። እነሱ ክረምቱን እንኳ አላሻገሩትም። ምድጃው ተሰነጠቀና ግቢው መጋዘን ሆነ፤ ከዚያ ጋራዥ፣ ከዚያ ምናምን ሆነ፤ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ መስታወት ቆሞበታል፤ ከሥሩ የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ። ልጆቹ «እማማ፣ ካርድ ልስጥዎት?» ይሉኛል። ካርድ! ያኒ እስኪሞት ድረስ ጎረቤላ ኖሮ እዚያው ተቀበረ፤ ወንድሙ ከአቴና «ምን ይዞት ነው የቀረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጎረቤላ የገባንበት ቀን ግን፣ እሱን ነው የማልረሳው። ዕቃችንን ሁሉ በጭነት መኪና ጭነን ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ መሬት ወርዷል። እናቴ ባናዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ያኒ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ ሲገባ፣ እኔ ትራስና ምጣድ አንጠልጥዬ ስከተል አየችን።

«ምነው፣ ቤታችሁን ይዛችሁ መጣችሁሳ?» አለች።

ነገርኳት። አንዱ ቤት መወረሱን፣ ያኒ ምድጃውን መስጠቱን፣ ለእሷ ብሎ መሆኑን፣ ከአባቴ ደጅ እንዳትነቀል ብለን መሆኑን። እያወራሁ የምትመርቀው መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ባናዋን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች።

«ማነው አትነቀልም ያላችሁ?» አለች። «ይሄ ጉም አጥንቴን በልቶ ጨረሰው እኮ። አባትሽ ከሞቱ ጀምሮ፣ እነዚህ ልጆች መቼ ነው ነይ የሚሉኝ እያልሁ ነው የኖርሁት። እዚያ ምድጃው ዳር ሙቀት ላይ ተቀምጬ፣ መኪናው ሲያልፍ እያየሁ እሞታለሁ ስል! እንደው አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቁኝ?»

ያኒ ፍራሹን መሬት ላይ አወረደው። ቀስ ብሎ እላዩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በሩቁ ምንም በማይታይበት ጉም ውስጥ አፍጥጦ ቀረ። እኔ ምጣዱን ወርውሬ ጣልኩትና መኪናውን ሊያዞር ወደተነሳው ሾፌር ጮኽኩ፦

«ደብረ ብርሃን ስትደርስ ባላምባራስ ተክሌን ጥራልኝ! አሁንስ የምሬን ነው፣ እፋታለሁ!»

«ከማን?» አለኝ ያኒ፣ ቀና ብሎ።

«ከሁላችሁም!»